«የእህቴ ልጅ ስልክ እንጀራዬን ሊነጥቀኝ ነው» ላለው የኮምቦልቻ አጫራች

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ስሙንም ትቼዋለሁ።

«እትዬ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። 43 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ሥራዬ አጫራችነት ነው። አሮጌ የቢሮ ዕቃ፣ ከፋብሪካ የወጣ ማሽን፣ ጄኔሬተር፣ የተጋጨ መኪና፣ አንዳንዴም ከብት በሐራጅ እሸጣለሁ። ከሽያጩ ኮሚሽን ይከፈለኛል። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራም መስጂድ ሲሠራም ጨረታውን ምራልን ይሉኛል። ለዚያ ገንዘብ አልቀበልም። ሥራውን የተማርኩት ባቲ ገበያ ደላላ ከነበረው አጎቴ ነው። 17 ዓመት ሠራሁ።

አሁን የእህቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍቶ በጨረታ መሸጥ ጀመረ። ባለፈው ወር አንድ ጄኔሬተር ሸጠ። እኔ ተመሳሳዩን ጮኼ ካወጣሁት ዋጋ በልጦ! ያውም ቤቱ ቁጭ ብሎ። እኔ ደግሞ ድምፄ ተዘግቶ ሦስት ቀን ማርና ሎሚ ስጠጣ ነበር። ከደንበኞቼ አንዱም ‹ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በኮምፒውተር ነው የምንሸጠው› አለኝ። ባለቤቴ ‹ባጃጅ ግዛና ተገላገል› ትላለች። ልተወው? ወይስ ወሬ ነው ብዬ ልቀጥል?

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርዎ። ገበያው ሲቀዘቅዝ የማውቃቸውን አንድ ሁለት ሰዎች ተጫራች አስመስዬ አቆማለሁ። ዋጋ እንዲነሳ ነው። ሁሉም ያደርገዋል። ልጁ ግን ‹ይህ በስልክ አይሠራም፣ ይነቃብሃል› ይለኛል።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አብሽር።

ደብዳቤህን አንድ ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛው ላይ «ተሸጠ!» ብዬ ልገላገለው ነበር። ግን የሦስት ልጆች እንጀራ ያለበት ነገር በችኮላ መዶሻ አይመታበትም።

እኔ ይህን ሥራ ከሩቅ አይደለም የማውቀው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ደሴ ውስጥ መዝገብ ቤት ነበርኩ። የሐራጅ ማስታወቂያ ስጽፍ፣ ማኅተም ሳስመታ፣ በር ላይ ሳስለጥፍ ነው የኖርኩት። «ከጠዋቱ 4፡00 እስከ 6፡00 ሰዓት» የምትለዋን ሐረግ ዛሬም በእንቅልፌ እጽፋታለሁ። ብዙ አጫራች አይቻለሁ። ድምፁ ጦሳ ተራራ ደርሶ የሚመለስ፣ ስለሚሸጠው ዕቃ ግን ምንም የማያውቅ አይቻለሁ። ድምፁ ከግቢው በር የማያልፍ፣ ዕቃውን ግን እንደ ልጁ የሚያውቅም አይቻለሁ። ሁለተኛው ሁልጊዜ በተሻለ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ይህን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን መጥፎውን ወሬ ላስቀድም። ጩኸቱ መቅረቱ አይቀርም። ይህን የምልህ ከውጭ አገር ወሬ ሰምቼ አይደለም። እዚሁ አገራችን ውስጥ ሆኖ አይተነዋል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግብይቱ በጩኸት ነበር። ገዥና ሻጭ በቀለሙ የሚለይ ጃኬት ለብሰው አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ይቆማሉ። ዋጋ ይጠራራሉ። ሲስማሙ እጅ ለእጅ ይመታታሉ፤ በቃ፣ ተሸጠ። በቴሌቪዥን ስናይ «ይሄማ የእኛው ሰኞ ገበያ ነው፣ ኮት ለብሶ ነው እንጂ» እንል ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ግን ግብይቱ ወደ ኮምፒውተር ዞረ። ሰዎቹ ስክሪን ፊት ተቀመጡ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ቡናውና ሰሊጡ መሸጡን አላቆመም።

ይህን የሰማ ሰው «ኮምፒውተር ጩኸቱን ገደለው» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ኮምፒውተሩ ብቻውን ገደለው አልልም። ቡና ቀማሹም አለበት።

እስቲ አስበው። ገዥው ቡናውን ሳያይ፣ ሳይነካ፣ ሳያሸት እንዴት ይገዛል? ቡናው መጋዘን ሲገባ ናሙና ስለሚወሰድለት ነው። ይመዘናል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይሰጠዋል። ገዥው የሚገዛው ያንን ደረጃ አምኖ ነው። ቀድሞ አንድ ሰው አፉ ውስጥ ከትቶ ካልቀመሰው ኮምፒውተሩ የሚሸጠው ነገር አይኖረውም። ጯሂዎቹ ከአዳራሹ ወጡ። ቀማሾቹ ግን ሥራቸው ላይ ናቸው።

ያንተ ጥያቄም መልሱ እዚህ ጋ ነው። አንተ ጯሂ ነህ ወይስ ቀማሽ?

ደብዳቤህ ውስጥ ስለ ድምፅህ ብዙ ጻፍክ። ስለ ዓይንህ አንድም ቃል የለም። ባቲ ያደገ ሰው የበሬ ጥርስ አይቶ ዕድሜውን ይናገራል። 17 ዓመት ጄኔሬተር የሸጠ ሰው ሞተሩ ሲነሳ ሰምቶ የታመመውን ያውቃል። ይህን ዕውቀት እንደ ዋዛ ይዘኸዋል። ልጁ የሌለው እሱ ነው። ስልኩም የለውም።

ያንተ ዕቃ ደግሞ ቡና አይደለም። አንድ ደረጃ ያለው ቡና ከሌላው ጋር አንድ ነው። ሁለት አሮጌ ጄኔሬተሮች ግን አንድ ሆነው አያውቁም። አንዱ ዘይት ይጠጣል፣ ሌላው ተነቅሎ የተገጠመ አካል አለው። ለዚህ ነው በማስታወቂያችን ላይ «ንብረቱን ባለበት ሁኔታ» የምትል ሐረግ የማትጠፋው። እኔም ስንት ዓመት ጽፌያታለሁ። ትርጉሟ ሲገለጥ «ጉድ ካለበት የራስህ ጉዳይ ነው» ማለት ነው።

እሷ ሐረግ እኔንም በልታኛለች። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ዕቃዎቹን በሐራጅ አወጣ። አንድ የእግር ልብስ ስፌት መኪና ዓይኔ ገባ። ከእኔ ጋር የሚፎካከረው አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። እሱ ሲጨምር እኔ ስጨምር፣ እሱ ሲጨምር እኔ ስጨምር፣ በመጨረሻ ቆመ። አሸነፍኩ! ሰው አጨበጨበልኝ። በጋሪ አስጭኜ ቤት ወሰድኩት። ለካ የውስጡ ዘንግ ተሰንጥቋል። ልብስ ሰፊው የቆመው ገንዘብ አልቆበት አልነበረም። ያየው ነገር ስለነበረ ነው። መኪናው አሁንም ሳሎኔ ውስጥ አለ። የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል።

ይህ የእኔ ሞኝነት ስም አለው። የኢኮኖሚ ሰዎች «የአሸናፊ እርግማን» ይሉታል። ዕቃው ምን ያህል እንደሚያወጣ በእርግጥ የሚያውቅ በሌለበት ጨረታ፣ የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም አብልጦ የተሳሳተው ነው። ሮበርት ዊልሰንና ፖል ሚልግሮም የሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ ምሁራን ስለ ጨረታ ባጠኑት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ዊልሰን ያሳየው ነገር ቀላል ነው። ብልህ ተጫራች ይህን እርግማን ስለሚፈራ፣ ይሆናል ብሎ ከገመተው ዋጋ ዝቅ አድርጎ ይጠራል። ሚልግሮም ደግሞ ተጫራቾች ስለ ዕቃውና ስለ ሌላው ሰው ግምት የበለጠ ባወቁ ቁጥር ፍርሃታቸው እንደሚቀንስና ሻጩ የተሻለ ዋጋ እንደሚያገኝ አሳየ።

ይህን ወደ ኮምቦልቻ አምጣው። ጉድለቱን የደበቅክበት ጄኔሬተር በርካሽ ይሄዳል። ሁሉም የከፋውን ስለሚጠረጥር ነው። «ፓምፑ ደካማ ነው፣ ዳይናሞው ግን ደህና ነው፣ መጥታችሁ አስነሱት» ያልክበት በተሻለ ዋጋ ይሄዳል። አጎትህ ይህን ያለ ኖቤል ሳያውቀው አይቀርም። ገበያ ላይ ስሙ የተከበረ ደላላ «ይቺ ላም ትራገጣለች» ብሎ አስቀድሞ የሚናገር ነው። ቀጥሎ «ወተቷ ግን ሞልቷል» ሲል ይታመናል።

ሚልግሮም ለአንተም የሚያስደስት ነገር አለው። ሰው የሌላውን ዋጋ እየሰማ የሚጫረትበት ሐራጅ ከታሸገ ኤንቨሎፕ የተሻለ ዋጋ ሊያወጣ የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው። አጠገቤ ያለው ልብስ ሰፊ ሲጨምር «አሃ፣ እሱም ፈልጎታል» ብዬ እበረታለሁ። እኔ በዚያ ቀን ከመጠን በላይ በረታሁ እንጂ! (ሐራጅ የሚለው ቃል ከዓረብኛ ነው የመጣው። ለወሎ ሰው ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።)

አሁን ወደ ልጁ ጄኔሬተር እንምጣ። በምን በለጠህ? ሦስት ነገር ይታየኛል።

አንደኛው ግልጽ ነው። አንተ ስትጮህ የሚሰማህ ግቢው ውስጥ የቆመ ሰው ነው። እሱን ደሴም፣ ወልዲያም፣ አዲስ አበባም ያለ ሰው ያየዋል። ተጫራች በበዛ ቁጥር ዋጋ ይወጣል። ይህን መዋጋት አትችልም፤ አትሞክረውም።

ሁለተኛው የማይወራ ነው። አንተ ግቢ የሚመጡት ሰዎች ይተዋወቃሉ። ስድስት ሰባት ናቸው። ከሻይ ቤት ተነስተው አብረው ነው የሚመጡት። «ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ» ተባብለው አንዱ ይጠራል፣ ሌሎቹ ጫማቸውን ያያሉ። መዝገብ ቤት ሳለሁ ስንት ቤት እንዲህ ሲሸጥ አየሁ መሰለህ። ባለዕዳው ጥግ ቆሞ ያለቅሳል፣ እነሱ ማታ ትርፉን ይካፈላሉ። ስልክ ይህን ይበትነዋል። ማን ከየት እንደሚጫረት አስቀድሞ ስለማይታወቅ መስማማት ይከብዳል። እዚህ ላይ ከቴክኖሎጂው ጋር ነኝ። ምንም አላዝንም።

ሦስተኛውን አንተው ጠይቀው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ቪዲዮ ቀርጿል? እርግጠኛ ነኝ ቀርጿል። ድምፁን አሰምቷል። ማለትም ሳያውቀው የቀማሹን ሥራ ጀምሯል። አንተ ብትኖርበት ደግሞ «ጭሱን አሳያቸው፣ ቆጣሪውን አሳያቸው፣ የተበየደውን ቦታ አትዝለለው» ትለው ነበር።

አሁን ወደ መራራው። ስለምታቆማቸው ሰዎች።

ይህን ስላልደበቅከኝ አከብርሃለሁ። ግን «ሁሉም ያደርገዋል» አትበለኝ። ሁሉም አያደርገውም። ያም ቢሆን ለእኔ የጻፍክልኝ አንተ ነህ። ሌላውን ገዥ አታለህ የምታስጨምረው ብር ከኪሱ እንደ መስረቅ ነው። ለመስጂድም ለቤተ ክርስቲያንም የምትጮኽበት አፍ ስለሆነ ለአንተ ይከብዳል ባይ ነኝ።

ልጁም እውነቱን ነው። በስልክ ሲሆን እያንዳንዱ የተጠራ ዋጋ ሰዓቱና የጠራው ሰው ተመዝግቦ ይቀራል። አንድ ስልክ ሁልጊዜ ዋጋ ሲያስጨምርና አንድም ቀን ሳይገዛ ከታየ የአስር ዓመት ልጅ ይነቃበታል። በግቢው ግን ማንም አልነቃም ብለህ ታስባለህ? ነቅተዋል። ለዚህ ነው የሚቆጥቡብህ። ያቆምካቸው ሰዎች ዋጋ ያስነሱልህ ይመስልሃል እንጂ ሌሎቹን እያቀዘቀዙብህ ነው።

ዕቃው በርካሽ እንዳይሄድ ብለህ ከሆነ፣ እነዚያ ሰዎች በስውር የሚያደርጉልህን አንተ በግልጽ አድርገው። ከባለቤቱ ጋር ዝቅተኛ ዋጋ ተስማማ። መጀመሪያውኑ «ከዚህ በታች አልሸጥም» ብለህ ተናገር። ካልተገኘ ዕቃው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያን ቀን ኮሚሽን የለም። ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ከሩቅ አገር አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከእኛ አበባ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። ከኢትዮጵያ የሚላከው ጽጌረዳ ብዙው ኔዘርላንድ ይገባል። እዚያ አምስተርዳም አጠገብ አልስሜር የሚባል የታወቀ የአበባ ሐራጅ አለ። ዋጋው እንደ እኛ ከታች ወደ ላይ አይወጣም። ከላይ ጀምሮ በትልቅ ሰዓት ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ቁልፍ የተጫነ ይገዛል። ትንሽ የዘገየ ያጣዋል። ጩኸት የለም። በሰዓት የመሸጡ ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አሁን ደግሞ አብዛኞቹ ገዥዎች አዳራሹ ድረስ መምጣትም ትተዋል፣ ከየቢሯቸው በኮምፒውተር ነው የሚገዙት።

አጫራቹስ? አልተባረረም። ሰዓቱ ከየትኛው ዋጋ ይጀምር የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ከፍ ካደረገው ጊዜ ይባክናል፣ ዝቅ ካደረገው የገበሬው ላብ ይፈሳል። ዛሬ ገበያው ምን እንደሚመስል፣ የየትኛው እርሻ አበባ ቶሎ እንደሚጠወልግ ማወቅ አለበት። ጉሮሮው አርፏል፤ ጭንቅላቱ ነው የሚሠራው። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳነብ አንተን አሰብኩህ። ማርና ሎሚህን።

ጉሮሮህን ካነሳን አይቀር፣ ድምፅህ ከሦስት ሳምንት በላይ ከተዘጋ ሐኪም ይይህ። ማርና ሎሚ ለዚያ አይበቃም። እስከዚያው ሞንታርቦ ተከራይ። በ43 ዓመት ባዶ ጉሮሮ ይዞ ከጄኔሬተር ጋር መፎካከር ምን ይባላል?

የምትሸጠው ሁሉ ደግሞ ሐራጅ አይገባውም። ኢቤይ የሚባለውን የኢንተርኔት ገበያ ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀምረው ጨረታ ብቻ ነበር። መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነው ይባላል፤ በ14.83 ዶላር። ያውም መሰበሩ ተነግሮ! «ባለበት ሁኔታ» ማለት እንዲህ ነው። ዛሬ ግን እዚያም አብዛኛው ዕቃ የሚሸጠው በተቆረጠ ዋጋ ነው። ሰው ለአንድ ወንበር ሦስት ቀን መጠበቅ ሰለቸው። አንተም የቢሮ ወንበርና ጠረጴዛ ላይ ዋጋ ለጥፈህ ሽጥ። ሐራጁን ዋጋው ለማይታወቅ ነገር አስቀረው። ለማሽን፣ ለመኪና፣ ለከብት።

የባንክና የፍርድ ቤት ሽያጭ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ ልጁ እንዳይሳሳት። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ መሸጥ ይችላል። ግን ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። የፍርድ ቤቱም በሥነ ሥርዓት ሕጉ ነው የሚሄደው። ማስታወቂያው በኩር ወይም አዲስ ዘመን ላይ ሲወጣ የሚጠየቀው ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ)፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም ተቆርጦ ነው። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያውን ማሰራጨት መልካም ነው፣ ብዙ ሰው ይሰማል። እዚያው ማጫረት ግን አይሆንም። ሽያጩ ሊፈርስ ይችላል፣ ጣጣው ለእናንተ ይተርፋል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትም መጥቷል። ፎቶ ስታሳየው ዋጋ ይገምታል፣ የዕቃውን መግለጫም ይጽፍልሃል። ተጠቀምበት፤ ለመጻፍ ጥሩ ነው። ግን ያላየውን ያየ አስመስሎ ይጽፋል። የተሰነጠቀ ዘንግ ፎቶ ላይ አይታይም። ከእኔ የባሰ ሞኝ እንዳያደርግህ አንብበህ አርመው።

እና ምን ላድርግ ትለኛለህ።

ከልጁ ጋር ሥራ። ይህ ነው ምክሬ። ሊያፍር የሚችለው አንተ ነህ፣ አጎት ስለሆንክ። እፍረቱን ዋጠው። «የእህቴ ልጅ ሊቀማኝ ነው» ብለህ ጻፍክ እንጂ፣ የእህትህ ልጅ መሆኑ እኮ ዕድል ነው። ባዕድ ቢሆን ምን ታደርግ ነበር? ኮሚሽኑን ተካፈሉ። ስንት በስንት እንደሆነ ግን በወረቀት ይሁን። ዘመድ መሆናችሁ ለዚህ አይበቃም። እንዲያውም ለዚህ ነው ወረቀት የሚያስፈልገው።

ዕቃውን አንተ ትመረምራለህ። መነሻ ዋጋውን አንተ ታወጣለህ። እሱ ይቀርጻል፣ ይለጥፋል። ከጨረታው በፊት ማየት የሚፈልግ ሁሉ መጥቶ የሚያይበት አንድ ሁለት ቀን ስጡ። ይህ ቀን እንዳይቀር። ከሩቅ የሚገዛውም ቢሆን ኮምቦልቻ ያለ ዘመዱን ልኮ ዕቃውን ያስመረምራል።

ደንቡን አስቀድማችሁ ጻፉት። በየስንት ብር እንደሚጨመር፣ መቼ እንደሚዘጋ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ግለጹ። ስልኩ 8፡00 ሲል እኛ 2፡00 ነን፤ በዚህች የስድስት ሰዓት ልዩነት ስንት ሰው ተጣልቷል። መዝጊያው ሲቃረብ አድፍጦ በመጨረሻዋ ሴኮንድ የሚጠራ ሰው አይጠፋም። ለእሱ መድኃኒት አለው። በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ አዲስ ዋጋ ከመጣ ሌላ አምስት ደቂቃ ይጨመር። ሰው እስኪያቆም። አየህ፣ ይህ ያንተው «አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ» ነው። ስልኩ ከአንተ ነው የተማረው።

ኔትወርክ ከጠፋስ? በእኛ አካባቢ ይህን ሳይጽፉ ጨረታ መክፈት ድፍረት ነው። «ከጠፋ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይቀጥላል» በሉ።

የጨረታ ማስከበሪያ ገንዘብ በመያዣነት ሳትቀበሉ አታጫርቱ። ትንሽም ትሁን። አለዚያ ከአልጋው ላይ ሆኖ መቶ ሺህ ብር የሚጠራ ጎረምሳ ይሞላባችኋል። ተሸናፊው ማስከበሪያውን በዚያው ዕለት ይመለስለት፤ ስም የሚሠራው በዚህ ነው። የቴሌብርም የባንክም ደረሰኝ ፎቶ ሲላክላችሁ አትመኑ። ፎቶ ይሠራል። ገንዘቡን በራሳችሁ አካውንት ውስጥ ሳታዩ ቁልፍ አታስረክቡ። ሰውየው «አያምኑኝም እንዴ?» ብሎ ቢቆጣ ይቆጣ።

ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በኮምፒውተር እንሸጣለን ያለህን ደንበኛም አትኩርፈው። ሂድና አንድ ነገር ጠይቀው፦ «ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣውን ዕቃ ማን ይመረምረዋል? ማን ይገምተዋል?» አላሰቡበት ይሆናል። ያን ሥራ በኮሚሽን ሳይሆን በዕቃ ልክ በሚከፈል ክፍያ ጠይቅ። ዕቃው ቢሸጥም ባይሸጥም የምርመራ ዋጋህ ይከፈልህ። ካሰቡበትና ሌላ ሰው ካገኙ ግን ያ ደንበኛ ሄዷል። ቤትህን በእሱ ገቢ አታስላ።

ባጃጁን በተመለከተ፣ ኮምቦልቻ የባጃጅ እጥረት የለባትም። ባለቤትህን ግን አትቆጣት። ማታ ማታ ጉሮሮህ ሲታፈን የምትሰማው እሷ ናት። ባጃጅ ያለችው ገንዘቡን አስባ ብቻ አይመስለኝም።

ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጂድ የምትጮኸውን አትተው። ያ ሐራጅ እኮ ስለ ዋጋ አይደለም። አንዱ ጃንጥላ በአስር እጥፍ ይገዛና «ድጋሚ ይጫረት» ብሎ ይመልሰዋል። ያው ጃንጥላ ሦስት ጊዜ ይሸጣል። ሪያድና ጂዳ ያሉት ልጆቻችን በስልክ «ስሜን ጥራልኝ» ብለው ይጨምራሉ። እዚያ ሰው የሚፈልገው ስሙ በአንተ ድምፅ ሲጠራ መስማት ነው። እሱን የሚተካ ስልክ እስካሁን አላየሁም። እዚያም ቢሆን ሞንታርቦ ይኑር።

ለጅምሩ ይህን አድርግ። አሁን እጅህ ላይ ካሉት ዕቃዎች አምስት ምረጥ። የእያንዳንዱን ጉድለት በእጅህ ጻፍ፣ ከሁሉ የከፋውን መጀመሪያ። ወረቀቱን ለልጁ ስጠውና ካሜራው ፊት ራስህ አንብበው። ሳትጮህ። ሰው አታቁም። ከዚያ ውጤቱን ጻፍልኝ፤ መነሻውንም፣ የቆመበትንም፣ ስንት ሰው እንደተጫረተም። የእግር ስፌት መኪና የሚጠግን ሰው ካወቅህም ስልኩን ላክልኝ። አበባው ሌላ ቦታ ያገኛል።